በአውሮፓ መካከል እንግዳ ሆኖ የኖረ ሕዝብ



በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን በማኅሌተ ጽጌ ስናመሰግን፤ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብጽ በወረደች ጊዜ ደጁን የዘጋባትና ውሃ የነፈጋት ሰው እንደ ነበረ እናስታውሳለን። በአውሮፓ አገሮችም ከዚሁ የስደት ታሪክ ጋር ተያይዞ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር የኖረ አንድ ወሬ አለ። ይኸውም ሮማ የሚባለው ሕዝብ ከአገር ወደ አገር የሚንከራተተው፤ አባቶቹ በግብጽ ሳሉ እመቤታችንን ከነልጅዋ አናሳድርም ብለው ስለ መለሷት ነው የሚል ነው። ሌላው ወሬ ከዚህ የከፋ ነው፤ የጌታችንን ችንካር የሠራው አንጥረኛ ከእነርሱ ወገን ነበረ ይላል። ሁለቱም በቅዱስ ወንጌል የሉም፤ የዚህ ሕዝብ አባቶች በዚያን ዘመን በሕንድ አገር ነበሩና በታሪክም ሊሆኑ አይችሉም። ነገር ግን ወሬ እውነት ባይሆንም ሥራ ይሠራል። እመቤታችንን ያላሳደረ ሰው ልጅ ነው ተብሎ የታመነበትን መንገደኛ ማባረር፤ ኃጢአት መሆኑ ቀርቶ ጽድቅ መስሎ ይታያልና።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሮማ ሲባል የሮም ከተማ ሰዎች ማለት አይደለም። በገዛ ቋንቋቸው ሮም ማለት ከወገናቸው የሆነ ወንድ፣ ባል ማለት ሲሆን ሮማ የሚለው ብዙውን ያመለክታል። በጀርመን አገር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ደግሞ ሲንቲ ይባላሉ። ሌላው ሕዝብ ግን በሌላ ስም ሲጠራቸው ኖሯል። በ1427 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በፓሪስ ደጃፍ ላይ በታዩ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና የአውሮፓ በዓላት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከትንሽቱ ግብጽ የመጣን የንስሓ ተጓዦች ነን ስላሉ፤ ሕዝቡ ግብጻውያን አላቸው። ጂፕሲ የሚለው የእንግሊዝኛ ስምና ሂታኖ የሚለው የእስፓንያ ስም ከዚሁ የወጡ ናቸው። በምሥራቅ አውሮፓ የተለመደው ጺጋን የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ በሩማንያ አገር ግን ጺጋን ማለት ባሪያ ማለት እስኪሆን ድረስ ተዋርዶ ነበር። ስለዚህም ከእነርሱ ብዙዎቹ በዚህ ስም መጠራትን እንደ ስድብ ይቈጥሩታል።

ከወዴት እንደ መጡ ለብዙ ዘመን ያወቀ አልነበረም፤ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበራቸውምና እነርሱም ረስተውት ነበር። ምስጢሩን የገለጠው ቋንቋቸው ነው። በ1780ዎቹ ዓመታት የጀርመን ሊቃውንት የሮማን ቋንቋ ከሕንድ ቋንቋዎች ጋር ቢያስተያዩት የአንድ እናት ልጆች ሆነው ተገኙ። አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል፤ ሮማ ሲቈጥሩ ዬክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንጅ ይላሉ፤ ሕንዶች ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች ይላሉ። ከሕንድ ወጥተው የተጓዙበትም መንገድ በተዋሷቸው ቃላት ላይ ታትሞ ቀርቷል። የፋርስ ቃል አለ፤ የአርመን ቃል አለ፤ የግሪክም ቃል እጅግ ብዙ ነው። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ የሚሉባቸው ቃላት የግሪክ ናቸው፤ መንገድን የሚጠሩበት ድሮም የተባለው ቃል እንኳ የግሪክ ነው። ይህም በቢዛንታይን መንግሥት ውስጥ ረጅም ዘመን ተቀምጠው እንደ ነበረ ያስረዳል።

ዛሬ በአውሮፓ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ሮማ እንዳሉ ይገመታል፤ ከእነዚህም 6 ሚሊዮን ያህሉ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይኖራሉ። ሁሉም በጋሪ የሚዞሩ ተጓዦች ናቸው የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ የሚበዙት ከረጅም ዘመን ጀምሮ በአንድ ቦታ የተቀመጡ ናቸው። ሃይማኖታቸው በሚኖሩበት አገር ሃይማኖት ነው፤ በሩማንያ፣ በሰርቢያና በግሪክ እጅግ ብዙዎቹ ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ፤ በባልካን አገሮች እስላሞች የሆኑም አሉ። ይሁን እንጂ በባልካን ሮማ ዘንድ ከታላላቆቹ በዓላት አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። በግንቦት 6 ቀን ክርስቲያኑም እስላሙም በግ ያርዳል፤ ቤቱንም በለምለም ቅጠል ያስጌጣል። የሰማዕቱ ስም ከቤታችን ለማይጠፋ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥራቸው ከጥንት ጀምሮ ብረት መቀጥቀጥ፣ የመዳብ ዕቃ ማበጀት፣ ፈረስ መነገድ፣ ከእንጨት ማንኪያና ገበታ መጥረብ፣ በሠርግና በበዓል ሙዚቃ መጫወት ነበር። ገበሬው ማረሻውን ያሠራቸዋል፤ ልጁንም ሲድር ያለ እነርሱ አይደግስም፤ ነገር ግን ከማዕዱ አያስቀምጣቸውም። ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን አንባብያን እንግዳ አይሆንም። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋን በላተኛ እያሉ ማረሻውንና ምጣዱን ግን ከእነርሱ መግዛት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንገባለን። ስለ ሮማ መከራ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው የሒትለርን ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ግን ረጅም የሆነ የባርነት ዘመን ነበረ፤ ያም ባርነት የተፈጸመው በአሕዛብ አገር አልነበረም፤ ገዳማት በሞሉበት፣ ደወል በማይቋረጥበት አገር ነው እንጂ።

ዛሬ ሩማንያ በሚባለው አገር ቀድሞ ቫላክያና ሞልዳቪያ የሚባሉ ሁለት የመሳፍንት ግዛቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ። በቫላክያ ስለ ሮማ የሚናገረው የመጀመሪያው የታወቀ ጽሑፍ የ1385 ዓ.ም. ነው። ይህ ጽሑፍ የጕዞ ታሪክ አይደለም፤ የፍርድ መዝገብም አይደለም፤ ለቲስማና ገዳም 40 የሮማ ቤተ ሰቦች የተሰጡ መሆናቸውን የሚያጸና የስጦታ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ይህ ሕዝብ በዚያ አገር መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ከገዳም ርስት ጋር ተቈጥሮ ነው ማለት ነው። ከዚያም እስከ 1856 ዓ.ም. ድረስ፤ 471 ዓመት ሙሉ፤ በዚሁ ቀረ።

ባሮቹ በሦስት ይከፈሉ ነበር፤ የመስፍኑ ባሮች፣ የመኳንንቱ ባሮች፣ የገዳማቱ ባሮች። ከባሪያ የተወለደ ባሪያ ነው። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ በዕዳ ይያዛል፤ ለሴት ልጅ ጥሎሽ ሆኖ ይሰጣል፤ ለነፍስ መታሰቢያ ተብሎ ለገዳም ይናዘዛል። ነጻ ሰውና ባሪያ እንዳይጋቡ ሕግ ይከለክላል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በሽያጭ ይለያያሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልባችንን ይበልጥ የሚወጋው የገዳማቱ ነገር ነው። የገዳም ባሮች የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ጌቶቻቸው በሚጾሙት ጾም ይጾሙ፣ በሚሰሙት ቅዳሴ ይቆሙ ነበር። ታዲያ በአንድ መቅደስ የቆመውን ወንድም ከቅዳሴ በኋላ በንብረት መዝገብ ላይ መፈለግ እንዴት ተቻለ? መጽሐፍ አልነበራቸውም እንዳንል ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና የላከው መልእክት በእጃቸው ነበረ። ሊቃውንት አልነበሩም እንዳንል ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ገና በ4ኛው መቶ ዓመት መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፤ ሰውን መግዛትና መሸጥ በእግዚአብሔር አርአያ ላይ ዋጋ መቍረጥ መሆኑን አስተምሮ ነበር። እኛ እንደሚመስለን መልሱ ቀላልና አሳዛኝ ነው፤ አባት የተቀበለውን ልጅ ሳይመረምር ይቀበላል፤ ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላም ልማዱ ሕግ፣ ሕጉም የተፈጥሮ ሥርዓት ይመስላል።

ይህን ስንጽፍ በሩቅ አገር ሰዎች ላይ ድንጋይ ለመወርወር አይደለም። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. መሆኑን፤ ይህም ከሩማንያ 86 ዓመት ዘግይቶ መሆኑን፤ የሚያውቅ ሰው ድንጋዩን መልሶ ያስቀምጣል።

በሩማንያ ልማዱን ከተቃወሙት መካከል ስሙ የሚነሣው ሚኻይል ኮጋልኒቻኑ ነው። እርሱ ከመኳንንት ወገን በ1817 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን በኋላ ታላቅ የመንግሥት ሰው ሆነ። በሸመገለ ጊዜ፤ በ1891 ዓ.ም.፤ በሩማንያ አካዳሚ ባደረገው ንግግር፤ በልጅነቱ በያሲ ከተማ መንገዶች ላይ እጅና እግራቸው በሰንሰለት የታሰረ፣ በግንባራቸውም የብረት ቀለበት የተደረገባቸው ሰዎችን ያይ እንደ ነበረ መስክሯል። ገና የ20 ዓመት ወጣት ተማሪ ሳለ በ1837 ዓ.ም. ስለ ሮማ ታሪክና ቋንቋ በፈረንሳይኛ አንድ መጽሐፍ በበርሊን አሳተመ፤ በዚያም ስለ አሜሪካ ጥቍር ባሮች የሚያለቅሱት አውሮፓውያን በገዛ አህጉራቸው ያሉትን ባሮች አያዩም ሲል ወቀሰ። ይህ ወቀሳ ዛሬም ያረጀ አይመስለንም።

ነጻነቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በሞልዳቪያ መስፍኑ ሚኻይል ስቱርዛ በ1844 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያንና የገዳማት ባሮች ነጻ እንዲወጡ አዘዘ፤ በቫላክያም እንዲሁ በ1847 ዓ.ም. ተደረገ። የመኳንንቱ ባሮች ግን እስከ 1855 እና እስከ 1856 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። በጠቅላላው ነጻ የወጡት ወደ 250,000 ሰዎች እንደሚሆኑ ይገመታል። በዚያን ጊዜ መንግሥት በነፍስ ወከፍ ካሣ ከፈለ፤ የተከፈለው ግን ለባሮቹ ሳይሆን ለጌቶቹ ነው። ለባሮቹ ለእያንዳንዱ የሚያርሱት መሬት የሚሰጥ ሕግ ስላልወጣ፤ ብዙዎቹ በመንደር ዳር ጐጆ ቀለሱ፤ የቀሩትም ወደ ምዕራብ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በመንደር ዳር ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ በመንደር ዳር ነው። የሩማንያ መንግሥት የካቲት 20 ቀን የነጻነታቸው መታሰቢያ እንዲሆን በሕግ የወሰነው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ምዕራብ አውሮፓ ባሪያ አላደረጋቸውም፤ አሳደዳቸው እንጂ። የጀርመን ጉባኤ በ1498 ዓ.ም. ከሕግ ጥበቃ ውጭ አደረጋቸው። እንግሊዝ በ1530 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጡ አዘዘች፤ በ1554 ዓ.ም. ደግሞ በአገር ውስጥ የቀረ በሞት እንዲቀጣ ደነገገች። በእስፓንያ በ1749 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በንጉሡ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ከየቤታቸው ታፍሰው፤ ወንዶቹ ከሰባት ዓመት በላይ ከሆኑት ልጆች ጋር ወደ መርከብ መሥሪያዎች ለግዳጅ ሥራ፣ ሴቶቹ ከሕፃናቱ ጋር ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። የታፈሱትም የሚበዙት ቤትና ሥራ ያላቸው ነበሩ፤ ምክንያቱም ተንከራታቹን ከማግኘት ይልቅ የተቀመጠውን ማግኘት ይቀላል።

በብዙ የአውሮፓ ቤቶች እናቶች ልጅን ለማስፈራራት ጺጋን መጥቶ ይወስድሃል ይላሉ። ሮማ ልጅ ይሰርቃሉ የሚለው ወሬ የማያረጅ ነው። ታሪክን የመረመረ ሰው ግን ነገሩን ተገልብጦ ያገኘዋል። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ18ኛው መቶ ዓመት የሮማን ቋንቋ፣ ስምና እርስ በርስ መጋባት ከከለከለች በኋላ፤ ልጆቻቸው ከእቅፋቸው ተወስደው በሌሎች ገበሬዎች ቤት እንዲያድጉ አዘዘች። በዘመናችንም፤ በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፤ በግሪክ አገር በአንድ የሮማ ሰፈር ጠጕርዋ ወርቅማ የሆነ ሕፃን በተገኘች ጊዜ ተሰርቃ ነው ተብሎ ዓለም ሁሉ ተንጫጫ። ምርመራው ሲያልቅ የወለደቻት እናት ራስዋ ከቡልጋርያ የሆነች ድኻ የሮማ ሴት ሆና ተገኘች። በዚያው ሳምንት በአየርላንድ ሁለት ሕፃናት፤ ወላጆቻችሁን አትመስሉም ተብለው፤ ከሮማ ቤተ ሰቦች በፖሊስ ተወሰዱ፤ በደም ምርመራ የገዛ ወላጆቻቸው ልጆች መሆናቸው ሲረጋገጥ ተመለሱ። እኛ አባቶችና እናቶች የሆንን ሁሉ ያቺን የመጀመሪያዋን ሌሊት፤ አልጋው ባዶ የሆነበትን፤ ልናስባት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው በጀርመን የተደረገው ነው። ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ በሙኒክ ከተማ ፖሊስ የሮማንና የሲንቲን ስምና የዘር ሐረግ የሚመዘግብ ልዩ ቢሮ ነበረው፤ ስለዚህ ሒትለር ሥልጣን ሲይዝ መዝገቡ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በ1936 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በበርሊን ሊደረግ ሲል የከተማዋ ሮማ ተለቅመው በማርዛን ሰፈር ተከማቹ። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ሮበርት ሪተር ዘራቸውን የሚመረምር መሥሪያ ቤት አቋቋመ።

የሪተር ረዳት የነበረችው ኤፋ ዩስቲን ለዶክተርነት ማዕርግዋ የጻፈችው ጽሑፍ ከሕፃናት ጋር የተያያዘ ነበር። በደቡብ ጀርመን በሙልፊንገን የሚገኝ በቅዱስ ዮሴፍ ስም የተሰየመ አንድ የካቶሊክ የሕፃናት ማሳደጊያ አለ። ወላጆቻቸው ወደ እስር ቤትና ወደ ማጐሪያ የተወሰዱባቸው የሲንቲ ልጆች በዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ዩስቲን ወደ እነርሱ እየሄደች ታጫውታቸው፣ ትለካቸው፣ ጠባያቸውን ትመዘግብ ነበር። ልጆቹ ለጥናቱ ስለሚፈለጉ ከሌሎች ይልቅ ዘግይተው ቈዩ። ጥናቱ ተፈጽሞ የዶክተርነቱ ማዕርግ ከተሰጠ በኋላ፤ በ1944 ዓ.ም. በግንቦት ወር፤ 39 ልጆች ወደ አውሽቪትዝ ተጫኑ። ከእነርሱ ተርፈው ከጦርነቱ በኋላ የታዩት አራት ብቻ ናቸው። ዩስቲን ግን ከጦርነቱ በኋላ በፍራንክፈርት ከተማ መስተዳድር ተቀጥራ ትሠራ ነበር።

በአውሽቪትዝ ቢርከናው ለሮማና ለሲንቲ የተለየ የቤተ ሰብ ሰፈር ነበረ። ሂምለር በ1942 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ባወጣው ትእዛዝ መሠረት ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ የተወሰዱት 23,000 ያህል ናቸው፤ ከእነርሱም ወደ 21,000 የሚሆኑት በረሀብ፣ በበሽታና በመርዝ ጢስ አለቁ። በ1944 ዓ.ም. ነሐሴ 2 ቀን ማታ በሰፈሩ የቀሩት ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሎች፤ በአንድ ሌሊት ተገደሉ። በሩማንያም ማርሻል አንቶኔስኩ በ1942 ዓ.ም. 25,000 ያህል ሮማ ወደ ትራንስኒስትርያ አስወስዶ ወደ 11,000 የሚሆኑት በዚያ በብርድና በረሀብ አለቁ። በመላው አውሮፓ የሞቱትን ቍጥር ሊቃውንት ከ200,000 እስከ 500,000 ባለው መካከል ይገምቱታል። እንዲህ የሰፋ ግምት የሆነበት ምክንያት ብዙዎቹ በየጫካው ዳር ሳይቈጠሩ ስለ ተገደሉ ነው።

ከሞቱት በኋላ የተረፉት ሌላ ነገር ገጠማቸው። የምዕራብ ጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1956 ዓ.ም. በጥር ወር፤ ከ1943 ዓ.ም. በፊት በእነዚህ ሰዎች ላይ የደረሰው ወንጀልን ለመከላከል የተደረገ እንጂ ስለ ዘራቸው የደረሰ ስደት አይደለም ብሎ ፈረደ፤ በዚህም ብዙዎች ካሣ ተከለከሉ። ፍርዱ በከፊል የተሻሻለው በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. ሮማኒ ሮዘ የተባለው መሪያቸው ከጓደኞቹ ጋር በዳካው የቀድሞ ማጐሪያ ስፍራ የረሀብ አድማ አደረገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄልሙት ሽሚት የተፈጸመው የዘር ማጥፋት መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ስም አመነ። በዚያን ጊዜ ከሌሊቱ 37 ዓመት ከግማሽ ያህል አልፎ ነበር። ቼያ ስቶይካ የተባለችው የኦስትሪያ የሮማ ሴት በልጅነትዋ ከሦስት ማጐሪያዎች የተረፈች ስትሆን፤ መከራዋን በመጽሐፍ ያወጣችው በ1988 ዓ.ም. በ55 ዓመትዋ ነው፤ ከዚያም እስክታርፍ ድረስ ያየችውን በሥዕል ትናገር ነበር። ስለዚህ ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእርስዋ ቢጀምር መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። የዛሬውን ለመረዳት ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ቤቱን ማየት ይሻላል።

በቼክ አገር ኦስትራቫ በምትባል የማዕድንና የብረት ከተማ፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ለአእምሮ ደካሞች የተዘጋጁ ልዩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሲሞላው የአእምሮ ፈተና ይሰጠዋል። ፈተናው በቼክ ቋንቋ ነው፤ የተዘጋጀውም ለቼክ ቤት ልጅ ነው። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ የሥዕል መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ሕፃን ይወድቃል። ከዚያም ለእናቲቱ አንድ ወረቀት ይቀርብላታል፤ እርስዋም ብዙ ጊዜ የምትፈርምበትን ሳታውቅ፤ ወይም በዚያ ትምህርት ቤት የዘመዶቿ ልጆች ስላሉ ልጄን አይሰድቡብኝም ብላ፤ ትፈርማለች። እዚህ ላይ ነገሩ ያልቃል። በልዩ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት ያነሰ ስለ ሆነ ልጁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሻገር አይችልም፤ ሲያድግም የሚያገኘው ሥራ የጕልበት ሥራ ነው፤ እርሱም ካለ። በኦስትራቫ አንድ የሮማ ልጅ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመላኩ ዕድል ከሌላው ልጅ 27 ጊዜ ይበልጥ ነበር።

የ18 ልጆች ወላጆች ነገሩን በአገራቸው ፍርድ ቤቶች ተከራክረው ቢረቱ፤ በስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቤት አሉ። እዚያም በ2006 ዓ.ም. በመጀመሪያው ችሎት ተረቱ፤ ይግባኝ ብለው በ2007 ዓ.ም. ኅዳር 13 ቀን በታላቁ ችሎት አሸነፉ። ዳኞቹ፤ 13 ለ4 በሆነ ድምፅ፤ በልጆቹ ላይ አድልዎ ተፈጽሟል አሉ፤ የወላጆቹንም ፊርማ በሚመለከት፤ የማያውቁትን ነገር እንደ ፈቀዱ ሊቈጠር እንደማይገባ፤ አድልዎንም ማንም ሰው በፊርማው ሊፈቅድ እንደማይችል አስረዱ። ለእያንዳንዱ ልጅ 4,000 ዩሮ ተፈረደለት። ልጅ ያልነው በክርክሩ መጀመሪያ ነው እንጂ በፍርዱ ቀን ታናሹ 16 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ልዩ ትምህርት ቤት የሚባለው ስም አስቀድሞ በ2005 ዓ.ም. ከሕግ ተሰርዞ ነበር፤ ብዙዎቹ ቤቶች ግን ስማቸውን ለውጠው በዚያው ሥራቸው ቀጠሉ።

ግንቡን ሁሉ ሰው ያየዋል። በ1999 ዓ.ም. በዚያው በቼክ አገር በኡስቲ ከተማ፤ ሮማ የሚኖሩበትን ሕንጻ ከጎረቤቶቹ ቤት የሚለይ ግንብ በመንገድ ላይ ተሠርቶ፤ ዓለም ስለ ጮኸ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ፈረሰ። በፈተና ወረቀት የተሠራውን ግንብ ግን ለማፍረስ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ማን እንደ ሠራውም አይታወቅም፤ መምህሩ ፈተናው ነው ይላል፤ ፈታኙ ሕጉ ነው ይላል፤ ሕግ አውጪውም ወላጆቹ ፈርመዋል ይላል።

በቪየና የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ድርጅት በ2021 ዓ.ም. በአሥር አገሮች ባደረገው ምርመራ፤ ከመቶ ሮማ 80ዎቹ በድኽነት አፋፍ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ፤ በኅብረቱ ጠቅላላ ሕዝብ ግን ይህ ቍጥር ከመቶ 17 ነበር። የሮማ ሴቶች ዕድሜ ከሌሎች ሴቶች በ11 ዓመት፣ የወንዶቹም በ9 ዓመት ያነሰ ነው። ከሮማ ልጆች መካከል ሁሉም ወይም አብዛኞቹ ተማሪዎች ሮማ በሆኑበት ክፍል የሚማሩት በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 44 የነበሩት፤ በዚህ ምርመራ ወደ 52 ከፍ ብለው ተገኙ። ኅብረቱ በ2020 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እስከ 2030 ዓ.ም. የሚደርስ አዲስ ዕቅድ አውጥቷል፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የሮማን ልጆች ለይታ ታስተምራለች በማለት ስሎቫክያን በፍርድ ቤት ከሷል። ሮማም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በ1971 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በለንደን አጠገብ የመጀመሪያውን የዓለም ጉባኤያቸውን አድርገው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ በመካከሉ ቀይ የጋሪ መንኰራኵር ያለበት ሰንደቅ ዓላማቸውን መረጡ፤ ሚያዝያ 8 ቀንም በየዓመቱ የሚያከብሩት ቀናቸው ሆነ።

ስለ ትምህርት ቤት የጀመርነውን ሳንጨርስ አንሄድም፤ የቀረው ኦርቶዶክሳዊ በሆነው በግሪክ አገር የተደረገ ነውና። ከአቴና ወጣ ብሎ አስፕሮፒርጎስ የሚባል ከተማ አለ፤ በዚያም የሮማ ሰፈር አለ። በ2004 ዓ.ም. ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደው ሳይመዘገቡላቸው ዓመቱ አለፈ። በ2005 ዓ.ም. በመስከረም ወር ልጆቹ ተመዝግበው በመጡ ጊዜ የሌሎቹ ተማሪዎች ወላጆች በደጃፉ ተሰልፈው እንዳይገቡ ከለከሏቸው። በግሪክ ትምህርት ቤቶች የቀኑ ትምህርት የሚጀመረው በጸሎት ነው፤ በደጅ የቆሙትም ልጆች ከእነዚያ ወላጆች ልጆች ጋር አብረው ሊጸልዩ የመጡ ነበሩ። በመጨረሻ ለሮማ ልጆች ብቻ ከትምህርት ቤቱ ተለይቶ የቆመ ቤት ተሰጣቸው። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት በ2008 ዓ.ም. በሰኔ ወር ይህ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወርም ያው ፍርድ ቤት ስለዚያው ከተማ ልጆች ዳግመኛ ተቀምጦ፤ ዳግመኛ እንዲሁ ፈረደ።